ጽዋውን የሚቀድም የለም

እማ፣

ከተለየሽኝ ዓመት ሆነ። ሙት ዓመትሽን ባለፈው ሳምንት አወጣን፤ ሰው ሞልቶ ነበር፤ ጠላውም አላነሰም።

ሉማሜ ያለው ቤት እንዳለ ነው። ወንድሜ ደጁ ላይ ሻይ ቤት ከፍቷል። ጎመን የምትተክዪባት ቦታ ላይ አሁን የላስቲክ ወንበር ተደርድሮ የአውቶቡስ መንገደኛ ሻይ ይጠጣበታል። ቀይዋ ጊደር ወለደች። እኔም እዚያው ማርቆስ ገበያ ልብስ እሰፋለሁ። ይህን ብነግርሽ ደስ ይልሻል ብዬ ነው፤ ዋናውን ነገር ስትሰሚ ግን ደስ አይልሽም። ደብረ ወርቅ ማርያም ሄድኩ፤ በእግሬ፣ ከማኅበርተኞችሽ ጋር። ለጸሎት እንዳይመስልሽ። ብድር ልመልስ ነው የሄድኩት።

ልጅ ሆኜ ይዘሽኝ የሄድሽበት ጊዜ ትዝ ይለኛል። ሌላው ሁሉ ለመቅደም ሲሻማ አንቺ ሁልጊዜ ከኋላ ነበርሽ። የደከመችውን አሮጊት ትደግፊያለሽ፣ ጫማ የላጣትን በጨርቅ ታስሪላታለሽ፣ ለእኔ በሶ በጥብጠሽ ታጠጪኛለሽ። ለምን ከኋላ እንደምንቀር ስጠይቅሽ፣ ከኋላ ሰው ካልኖረ የወደቀውን ማን ያያል አልሽኝ። አንቺ ስትወድቂ ያየሽ አልነበረም።

አምና በጥር ከቢቸና ወዲህ ባለው ቁልቁለት እግርሽን ወለም አለሽ። ቀኑ እየመሸ ነበር። ማኅበሩን በሙሴነት የሚመሩት እትዬ ብርቄ ታቦቱ ሳይወጣ ካልደረስን ብለው ሰዉን አቻኮሉት። አንቺም ሂዱ፣ እኔ ቀስ ብዬ እደርሳለሁ አልሻቸው። ሄዱ። ከከተማ በቅሎ እንልካለን ብለው ነበር፤ ከተማ ሲገቡ ረሱት። ውርጭ ላይ አድረሽ ገበሬዎች ያገኙሽ በማግስቱ ነው። ሳምባሽን መታሽ፤ ሳምንትም አልቆየሽ።

ለቅሶ ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ በጆሮዬ ሰማኋቸው። እሷው ናት ሂዱ ያለችን ይላሉ። እማ፣ እነዚህ ሰዎች እኮ እንግዳ ጠገብኩ ሲላቸው በሞቴ፣ አፈር ስሆን ብለው አፉን ፈልቅቀው የሚያጎርሱ ናቸው። ጠገብኩ የሚለውን ቃል ዕድሜያቸውን ሙሉ አምነው አያውቁም። አንቺ ሂዱ ስትዪ ግን ባንዴ አመኑሽ። አንዲቷ እንኳ እንቢ ብላ አጠገብሽ ብትቀመጥ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ወንድሜ ቀኗ ደርሶ ነው ብሎ ተጽናና። በእኛ አገር ደም መላሽ ወንድ ነው ይባላል፤ የእኛ ወንድ ሻይ ይቀዳል። ስለዚህ እኔ አንቺን ተክቼ ማኅበሩ ውስጥ ገባሁ። ልጇ ቦታዋን ያዘች ብለው እልል አሉልኝ። ደንቡን ታውቂዋለሽ፤ መንገድ ሲወጣ ጽዋው በነጠላ ተሸፍኖ ከፊት ይሄዳል፣ የሚይዘው ተረኛው ነው፣ ጽዋውን ቀድሞ የሚራመድ የለም። ዘንድሮ ተራው ያንቺ ነበር። እኔ ያዝኩት።

እስከዚያ ቁልቁለት ድረስ እንደ ሰው ሄድኩ። እዚያ ስደርስ እርምጃዬን አሳጠርኩ። ወለም ያለው እግር መሬቱን እንዴት እንደሚረግጥ እያሰብኩ ባንቺ አካሄድ ወረድኩ። ሜዳው ላይም አልፈጠንኩም። መጀመሪያ ይዘምሩ ነበር፤ ኋላ መዝሙሩን ትተው ፀሐይዋን ያዩ ጀመር። እትዬ ብርቄ ቀረብ ብለው፣ ደክሞሽ ከሆነ እኔ ልያዝልሽ አሉኝ። እርስዎ አይድከሙ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ደግመው ለመኑኝ፤ ደግሜ እንቢ አልኩ። ከእጄ ቢነጥቁኝ ነውር ነው፤ ቢቀድሙኝ ደንብ ማፍረስ ነው። አንቺን የገደለሽ ይሉኝታ ነው፤ እኔም እነሱን ያሰርኳቸው በዚያው ነው።

ስንቃረብ እልልታው ከሩቅ ይሰማ ነበር። በሩ ላይ ስንደርስ ግን ሕዝቡ እየወጣ፣ ቀሳውስቱም ጥላቸውን እያጠፉ ነው። ታቦቱ ገብቷል። እትዬ ብርቄ ቅጽሩን ተደግፈው ተቀመጡና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አለቀሱ። በዕድሜያቸው የማርያም ንግሥ አምልጧቸው አያውቅም። አልዋሽሽም፣ ልቤ ቅቤ ጠጣ። እኔም ታቦቷን ሳላይ ቀረሁ፤ እሱ ትንሽ ከፋኝ። ቢሆንም አልጸጸተኝም።

ስንመለስ ነገሩ ገብቷቸዋል። ያ ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ሁሉም ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመው ይቅር በይን ብለው ከፊቴ ቆሙ። ይቅር ለእግዚአብሔር አልኩ፤ መንገደኛ ቆሞ እያየ ሌላ ምን ይባላል። ቃሉ ከአፌ ነው የወጣው። እነሱ ድንጋያቸውን ጥለው ስመውኝ እያወሩ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ እማ። እኔ በሕይወት እያለሁ ከዚያ ማኅበር ያንን ቁልቁለት ፈጥኖ የሚወርድ አይኖርም። ለከርሞም ጽዋውን እኔው ልያዝ ብያለሁ፤ ፊት ለፊት እንቢ የሚለኝ አልተገኘም። አንድ ቀን በሕልሜ መጥተሽ ይብቃሽ፣ ተያቸው እንደምትዪኝ አውቃለሁ፤ ጠባይሽ ነው። እኔ ግን አንዴ ስላልሽኝ አላምንሽም።

ልጅሽ