ግድግዳ የደገፈ ሰሊጥ

ይድረስ ለእትዬ ራዲያ፣ መተማ።

አሰላሙ አለይኩም። ጤናሽን አላህ ያብዛልሽ። እኛ ገዳሪፍ ላይ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም ቀጥ ብለን ቆመናል፤ ከሱቁ ጀርባ ካለችው መኝታችን ግድግዳ በቀር። ጎረቤታችን ለፎቁ መሠረት ሲያስቆፍር የእኛው ተሰንጥቆ አጎነበሰ፤ ለፎቁ እጅ የሚነሣ ይመስላል።

ኢንሹራንሶቹ «መርማሪ ሳያየው እንዳታድሰው» ስላሉኝ አላደስኩትም፤ የሰሊጥ ጆንያ ደርድሬ ደገፍኩት። መርማሪው መጣና መነጽሩን ጠራረገ።

«ይኼ ግንባታ ነው። ውላችን ግንባታ አይሸፍንም።»

«ኧረ ኡስታዝ፣ ሰሊጥ ነው!»

«ደግፏል አልደገፈም?»

«ደግፏል።»

«እንግዲያው ግንባታ ነው።»

«ላንሳው?»

«ካነሣኸው በኋላ ቢወድቅ፣ ራስህ ጣልከው እንላለን።»

ስለዚህ ሰሊጤ ዘንድሮ ገበያ አይወጣም፤ ሥራ ይዟል።

ባለቤቴ ሰውዳ ለነፋሱ ብላ ግቢ መተኛት ጀምራለች። ልጃችን ሲሃምም አክስቴን አክስቴን እያለች አስቸግራኛለች፤ በዚህ ሳምንት ወደ ድንበሩ፣ ወደ ገላባት በሚወርድ ሎሪ ሁለቱንም ልስደድልሽ። ኸሪፉ፣ ይኼ የዝናቡ ወራት፣ እስኪያልፍ አንቺ ዘንድ ይክረሙ። እኔ ቤቱን እጠብቃለሁ፤ ሰው ከሌለበት ውሉ ይፈርሳል ብለውኛል።

ዘመድ ጎረቤቱን ሁሉ በየስማቸው ሰላም በይልኝ። ደመናው ከእናንተ በኩል ነው የሚመጣው፤ ከበድ ካለ ቶሎ ደውዪልኝ።

ወንድምሽ ሙዘይን