ከመስመሩ የወጣችው ነጥብ

እሑድ፣ ኅዳር 8 ቀን 2017

በሐይቅ ከተማ ፊዚክስ እንደ እኔ የሚያውቅ የለም። ከልጄ ከሀያት በቀር። እሺ፣ ከመምህሯም በቀር።

ዛሬ ሐይቁ ዳር ወሰደችኝ። በየአሥር ሜትሩ ድንጋይ አስቀመጠች። ስልኳን ይዛ በእኩል እርምጃ እየሄደች፣ ድንጋይ ባለፈች ቁጥር ሰከንዱን ጮክ ብላ ትጠራለች፤ እኔ እጽፋለሁ። የማታ ትምህርት ከጨረስኩ ወዲህ ጽሕፈቴን ለቁም ነገር የፈለገ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት።

ቤት ገብተን ቁጥሮቹን በነጥብ አስቀመጠቻቸውና መስመር አሰመረችባቸው። የልጄ አካሄድ ወረቀት ላይ ቀጥ ብሎ ታየኝ፤ ማሻአላህ። ሃያ ሁለት የሚለው ሦስተኛው ቁጥር ብቻ ከመስመሩ ወጣ።

«ድንጋዩን ዝንጀሮ ገፍቶት ይሆናል» አልኳት።

ሳቀች። «የለም አባ፣ እኔ ነኝ ስልኩን አሳስቼ ያነበብኩት። ጽሕፈቱማ ግልጽ ነው።»

ነገ ለመምህሯ ታስረክባለች። ስለዚህ ከትምህርት በፊት፣ ገና በማለዳ፣ ተመልሳ ልትለካ ነው።

ልጄ አልተሳሳተችም። የአሥራ ስምንትን ስምንት አሳምሬ ስጠመዝዝ ሦስተኛው ጥሪ አለፈኝ። ሃያ ሁለትን የፈጠርኳት እኔ ነኝ።