ክዳኑ ላይ የቀረው መስመር

ውድ ሚዜአችን፣

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ስልህ ኖሬአለሁ። ባለቤቴ «አንተ» ይልህ ነበር፤ እኔ ግን ሠርጌ ቀን ከጎኑ የቆመ ሰው ስለሆንክ አፌ አልደፈረም። ዛሬ ደፈረ። ለምን እንደደፈረ ወደ መጨረሻው ይገባሃል።

መጀመሪያ ደብዳቤው የመጣበትን ካርቶን እየው። የጫማ ካርቶን ያህላል፣ ውጪው በሰም ታሽቷል፣ በሲባጎ ታስሯል። ታውቀዋለህ። ክዳኑን ግን ገና አትገልብጠው። እኔ ዘጠኝ ዓመት ቆይቻለሁ፤ አንተ ይህን ደብዳቤ አንብበህ እስክትጨርስ ብቻ ቆይ።

ባለቤቴ አናጺ እንደነበር ላንተ አልነግርህም። ቀን በርና አልጋ የሚሠራው ሰው ከሥራ በኋላ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ የክብሪት ቀፎ የምታህል ወንበር ሲያለሰልስ አብረኸው ተቀምጠሃል። ማኅበሩንም አብራችሁ ነው የመሠረታችሁት። ሃያ ሦስት ሰዎች፣ እያንዳንዱ በየከተማው፣ ጥቃቅን የቤት ዕቃ እየሠራ በፖስታ ይለዋወጣል፤ በዓመት አንድ ጊዜ ይሰበሰባል። አንተ ሊቀመንበር ሆንክ። የመጠቅለያ ፕላስቲክ የምትሸጥ ነጋዴም ነበርክና ለማኅበርተኛው ሁሉ አረፋ ያለውን ፕላስቲክ በጥቅል በጥቅል የምታቀርበው አንተ ነበርክ።

እሽግ በደረሰን ቁጥር ባለቤቴ ይስቅ ነበር። ፕላስተሩን በቢላ ይቆርጣል፣ ፕላስቲክ ያወጣል፣ ከሱ ሥር ሌላ ፕላስቲክ፣ ከሱም ሥር ሌላ። በመጨረሻ ጣት የማታህል ወንበር ትወጣለች።

«ይቺ ወንበር አራስ ናት እንዴ፣ ይህን ሁሉ ያለበሷት?» ይለኝ ነበር።

ሳቁ የቆመው ቱቦው የተደፈነ ጊዜ ነው። በዚያ ክረምት ከሱቁ ፊት ያለው የውሃ ቱቦ ተዘጋና ጎርፉ ገብቶ የደረቀ እንጨቱን ሁሉ አበላሸው። ሱሪውን ሰብስቦ ገባና ቱቦውን በእጁ ጠረገው። እጁ ውስጥ የቀረው አረፋ ያለው ፕላስቲክ ነበር፤ በላዩ ላይ የራሱ ስምና አድራሻ ተለጥፎበታል። ለሱ የተላከ፣ እሱ ራሱ የጣለው። ያን ወረቀት ልጦ ወስዶ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፕላስቲክ በእጁ አልነካም።

በምትኩ የመላጊያውን ፍቅፋቂ በወረቀት ከረጢት እየሞላ ትራስ ሠራ። ካርቶኑን በሰም አሸ። በዱቄት ሙጫ አሸገ፣ በሲባጎ አሰረ። በየክዳኑ ውስጥ «የመንገድ ወረቀት» የሚለውን ለጠፈ፤ ላኪው ቀኑን ይጽፋል፣ ተቀባዩ ደግሞ ዕቃው በምን ሁኔታ እንደደረሰ ጽፎበት ካርቶኑን ለመልሱ እሽግ ይጠቀምበታል። «የደረሰው ካልነገረኝ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ በምን አውቃለሁ?» ይል ነበር። እኔም ማንበብ የተማርኩት በዚያ ጊዜ ነው። ለመጠቅለያ ብሎ ከሚያመጣው አሮጌ ጋዜጣ ፊደል እየለቀምኩ፣ ባልና ሚስት የሚጣሉበት ነገር ቢጠፋ «ቆይ፣ ይህን ገጽ ሳልጨርስ አትጠቅልልበት» እያልኩ እጣላው ነበር።

ባለ አሥራ ስድስት መሳቢያውን ቁም ሳጥን ለመሥራት አራት ወር ፈጀበት። መሳቢያው የሩዝ ፍሬ የምታህል እጀታ ነበረው። ሐሳቡ ግልጽ ነበር። ቁም ሳጥኑን በፖስታ ላንተ ይልካል፤ አንተ ወደ ስብሰባው ይዘኸው ትመጣለህ፤ ያለ ፕላስቲክ ተልኮ ደህና መድረሱን ሰው ሁሉ በዓይኑ ያያል፤ ከዚያ ማኅበሩ ፕላስቲክ ይተው ብሎ ይጠይቃል። በሕይወቱ ሰው ፊት ቆሞ ሊጠይቅ ያሰበው ነገር ቢኖር ይሄ ብቻ ነበር።

ወደ ፖስታ ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ። መንገድ ላይ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጠው ሰውዬ ጋ ቆምኩ። ካርቶኑን ደረጃው ላይ አስቀምጬ አንድ መጽሐፍ ገለጥኩ። ንባብ እንዲህ ነው፣ ሰው ያስረሳል። ዝናቡ በጎን መጥቶ ኖሯል። ቀና ስል የካርቶኑ አንድ ጥግ ጠቁሯል። በሻርፔ ጠረግሁት፣ ደግሜ ጠረግሁት።

የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ በመስኮቱ ሲቀበለኝ «እናቴ፣ ይሄ ነገር አልቦታል እንዴ?» አለኝ።

«ዝናብ ነው። ላክልኝ» አልኩት።

ለባለቤቴ አልነገርኩትም።

ስብሰባውን አንተም አትረሳውም። ቁም ሳጥኑን በፕላስቲክ ከረጢት ይዘህ ገባህና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍከው። የራሰ ፍቅፋቂ፣ የተሰባበረ እንጨት፣ እንደ ጥርስ የተበተኑ መሳቢያዎች። «ወንድሜ በገለባ ጠቅልሎ ላከልኝ፤ ገለባ ሆኖ ደረሰኝ» አልክ። ሰው ሳቀ። ጡረተኛው መምህር «ካርቶኑስ የታለ?» ብሎ ቢጠይቅህ፣ «ምን ካርቶን አለ! ሾርባ ሆኖ ነው የደረሰው፤ ጣልኩት» አልከው። ያን ጊዜማ የባሰ ተሳቀ። ባለቤቴ ስብርባሪውን በጋዜጣ ሰበሰበ። ጎንበስ ብሎ መሳቢያዎቹን በመሐረብ ለቀመ። አሥራ አራቱን አገኘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «ገለባ» ሆነ፤ ፕላስቲኩም ደንብ ሆነ።

ቤት ስንገባ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ እንዲህ አለኝ፦

«ክዳኑን እንዲልክልኝ እጽፍለታለሁ። የመንገድ ወረቀቱ ምን እንደሚል ማየት አለብኝ። ያ ሰም ይህን ያህል ውሃ አያስገባም።»

«ጣልኩት ብሎ የለም?»

«አጥብቄ ልጠይቀው። ሚዜዬ አይደል?»

እኔ ምን እንዳልኩት ልንገርህ። እስከ ዛሬ ለማንም ያልነገርኩት ይሄን ነው። «ተወው እባክህ። የሳቁብህ አነሰህና ደግሞ ክዳን ልትለምን ነው?» አልኩት። የጠቆረውን ጥግ እንዳያይብኝ ብዬ። አንዴ አየኝና «እሺ፣ አንቺ ካልሽ» አለ። ትንሿን ቢላውን ከዚያ በኋላ አላነሳትም። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሞተ። ሐኪሙ ልብ ነው ብሏል፤ ሐዘን ገደለው አልልህም። ግን ከሥራ መልስ እነዚያን ሁለት ዓመታት እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ሲቀመጥ ያየሁት እኔ ነኝ።

ለቅሶ ልትደርስ የመጣህ ዕለት አልቻልኩም። ኮሪደሩ ላይ ይዤህ ሁሉን ነገርኩህ፤ ዝናቡን፣ መጽሐፉን፣ ጥጉ የጠቆረውን ካርቶን። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ ሰው አሳቅሁበት» ብዬ አለቀስኩ። አንተ በሩን ገፋ አደረግህ። እጄን ያዝከኝ። «እህቴ፣ ይሄ በእኔና በአንቺ መካከል ይቀራል። እግዜር ይቅር ይበልሽ» አልከኝ። እኔም እጅህን ሳምኩ።

የሳምኩትን እጅ አስበው።

በወሩ መጥተህ ትናንሽ መሣሪያዎቹንና የንድፍ ደብተሩን «ለማስታወሻ» ብለህ ወሰድክ፤ ሰጠሁህ። በማኅበሩ ወንበሩን ወርሼ ስለ ፕላስቲኩ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ፈገግ ብለህ «ዝናብ እንዳይመጣ ብቻ» ትለኛለህ። ሌላው ቀልድ ይመስለዋል። እኔ እቀመጣለሁ። ሰባት ዓመት እንዲህ አስቀመጥከኝ።

አምና ግን ለማኅበርተኛው በየግሌ ደብዳቤ ጻፍኩ። እባካችሁ አዲስ ፕላስቲክ ከምትገዙ በቤታችሁ ባለው አሮጌ ካርቶን ላኩልኝ አልኩ። ስድስት ሰው እሺ አለኝ። ከነሱ አንዷ፣ የጥርስ ሐኪሟ፣ በከተማህ ስለምትኖር ሱቅህ መጥታ አሮጌ ካርቶን ጠየቀችህ። አንተም ከጓዳ አንድ ክምር አውጥተህ «ለገለባ ሚስት ላኪላት፤ ደስ ይበላት» ብለህ ሳቅህባት። ከክምሩ ውስጥ የፕላስተር ጥቅልሎችህን የምታስቀምጥበት አንድ ካርቶን ነበረ፤ ክዳኑ ከሥሩ ተደርቦ። ሾርባ ሆነ ያልከውን ካርቶን መጣል ሳስተህ ኖሯል። ደህና ካርቶን መጣል ያሳሳል፤ እኔም አውቀዋለሁ።

አንድ ማክሰኞ ቀን ደረሰኝ። ከማየቴ በፊት በሰሙ ሽታ አወቅሁት። ውጪው ጥግ ላይ መዳፍ የምታህል የውሃ ምልክት አለች፤ ያቺ የእኔ ናት። ውስጡ ግን ንጹሕ፣ ደረቅ። ሰሙ ሥራውን ሠርቷል። ክዳኑን ገለበጥኩ። ከላይ የባለቤቴ ጽሕፈት፣ የላከበት ቀን። ከሥሩ ያንተ ጽሕፈት፣ ከነፊርማህ፦

«ደህና ደርሷል። አሥራ ስድስቱም መሳቢያ ይከፈታል። እጅህ ይባረክ።»

ወለሉ ላይ ነው የተቀመጥኩት። ስልኩ ጮኸ፤ የጥርስ ሐኪሟ ነበረች።

«አንቺ፣ ክዳኑን አየሽው?»

«አየሁት።»

«ልላከው አልላከው እያልኩ ሦስት ቀን ቆየሁ። ሊያምሽ እንደሚችል ገብቶኛል።»

«ታዲያ ለምን ላክሽው?»

«እኔ ጥርስ ስነቅል እንኳ አላባብልም፤ 'ያማል' ነው የምለው።»

ነገሩ እንዴት እንደሆነ ደጋግሜ አስቤዋለሁ። እሽጉን ፈታህ፤ እንደ ልማድህ ብዕር አንስተህ የመንገድ ወረቀቱን ሞላህ፤ «እጅህ ይባረክ» ስትል ከልብህ ነበር ብዬ አምናለሁ። ከዚያ ቀና አልክ። ዙሪያህን የፕላስቲክ ጥቅል ተደርድሯል። ይህ ቁም ሳጥን ስብሰባው ላይ በሁለት እግሩ ከቆመ ምን እንደሚመጣ ገባህ። በምን ሰበርከው? በእጅህ ነው ወይስ በጫማህ? ውሃውን ከየት ቀዳህ? እኔ ኮሪደሩ ላይ ሳለቅስ፣ የሰበረው እጅህ መሆኑን እያወቅህ ነው እጄን ይዘህ «ይቅር ይበልሽ» ያልከኝ። መስበሩን ምናልባት አንድ ቀን እረሳው ይሆናል። ያንን ግን አልረሳውም።

መጀመሪያ ሱቅህ መጥቼ ልጮህብህ አሰብኩ። ግን መጮህ አላውቅበትም። እኔ የማውቀው ማንበብና መጠቅለል ነው።

ስለዚህ የተሰበረውን ቁም ሳጥን፣ አሥራ አራቱን መሳቢያ፣ እሱ ባስቀረው ፍቅፋቂ ጠቅልዬ ካርቶኑ ውስጥ ከተትኩ። ከፊርማህ ሥር የመጀመሪያውን መስመር እኔ ጻፍኩ፦ ዝናብ ላይ የተውኩት እኔ መሆኔን፣ ለባለቤቴ አለመናገሬን፣ ክዳኑን እንዳይጠይቅ የከለከልኩትም እኔ መሆኔን። ሰባት ዓመት በጉያህ ይዘህ እኔን ያስቀመጥክበትን ምሥጢር በገዛ እጄ አወጣሁት፤ ከእንግዲህ ዝናቡን ለራስህ ጠብቀው። ወረቀት ሲያልቅ ሌላ ቀጠልኩበት። ከዚያ ለጥርስ ሐኪሟ ላክሁት፤ እሷ ለመምህሩ፣ መምህሩ ለነርሷ። እንዲህ እንዲህ እያለ በአምስት ወር ሃያ አንዱም ቤት ገባ። ሁሉም ያንተን መስመር አነበበ። ሁሉም እንደ ደንቡ ጻፈ።

መምህሩ፦ «ደርሷል። የሰበረው እሱ ነው፤ የሳቅነው ግን እኛ ነን።» ነርሷ፦ «ደርሷል። በመንገድ የተሰበረ ምንም የለም።» ሌላውን ራስህ ታነበዋለህ።

ካለፈው ክረምት ወዲህ ማኅበርተኛው ፕላስቲክ ማዘዝ ለምን እንደተወ፣ ደብዳቤህ ለምን መልስ እንዳጣ ግራ ገብቶህ ከነበረ፣ ይኸው ነው። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ስብሰባ አለ። ብትመጣ ማንም አይሰድብህም፣ ተስማምተናል። ዝም ብለን እናይሃለን። ባትመጣም ወንበርህን ባዶ እናስቀምጠውና ወንበሩን እናያለን። መሣሪያዎቹንና ደብተሩን ግን በዚሁ ካርቶን መልስልኝ፤ ፍቅፋቂውን አትጣል፣ እሱኑ መልሰህ ተጠቀምበት።

ይቅርታ አላደርግልህም። ለእኔም ለራሴ አላደረግሁም። ያን ቀን ዝም ብለው ኖሮ ይጽፍልህ ነበር፤ አጥብቆ ይጠይቅህ ነበር፤ አንተም እሱ ፊት ዓይንህን ሳትሰብር መዋሸት ባቃተህ ነበር። ውሸትህን ሁለት ዓመት እሱ ላይ የጠበቅሁልህ እኔ ነኝ። ይህን ከአንተ ጋር እካፈላለሁ፤ ሌላው የብቻህ ነው።

አሁን ክዳኑን ገልብጠው።

ከታች አንድ መስመር ቀርቷል፤ ለአንተ የተተወ ነው። ቀኑን ጻፍ፣ ስምህን ጻፍ፣ ዕቃው በምን ሁኔታ እንደደረሰህ ጻፍ። አትቸገርበትም። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት እዚሁ ክዳን ላይ እውነቱን አንዴ ጽፈኸዋል፤ እጅህ ያውቀዋል።

የገለባ ሚስት