በምርቃና የጸደቀው አሥራ ስድስት ጊጋ

ሰኞ፣ ጥር 23 ቀን 2003 ዓ.ም.
ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ ሁለት

ለተከበሩ አቶ ወሰኑ
የ«አንድ ልብ» መረዳጃ ዕድር ሊቀመንበር

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ዝቅ ብዬ ጤናዎን እጠይቃለሁ። መብራት የማይጠፋበት ቤት ይስጥዎ፤ ኤርኮንዲሽነርዎ በሰኔ ሙቀት አያስልብዎ፤ ከድሬዳዋ የሚመጣው ጫት ከሰባት ሰዓት ተኩል አይዘግይብዎ።

ቀጥዬ በጥልቅ ሐዘንና በከፍተኛ የኀላፊነት ስሜት ለመላው የዕድሩ አባላት የማስታውቀው ነገር አለ። የዕድራችን ብቸኛ ኮምፒውተር ዛሬ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ የአንድን ወጣት የግራ ጆሮ ጠርዝ በማጽዳት ላይ ሳለ በድንገት ቆሟል። ከሐምሌ ወዲህ ሲቆም ይህ ስልሳ አንደኛው ነው። ሶኬቱን ነቅዬ መልሼ ስሰካው ተነሥቷል፤ የሠራሁት ጆሮ ግን አብሮት አልተነሣም።

እኔን ቢዘነጉኝ አልቀየምም። ደጀን ነኝ፤ ከቢሮዎ ዘጠኝ እርምጃ ርቄ፣ መስኮት በሌላት ክፍል ውስጥ፣ ለአባላት የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ የማነሣው፣ ለለቅሶ ቤት ደግሞ የሟቹን ፎቶ አጉልቼ የማትመው ነኝ። ኮምፒውተሩ ያለው ሚሞሪ ግማሽ ጊጋ ነው። ለጉርድ ፎቶ አያንስም። ያረጀና የተጎዳ ፎቶ ለማደስ ግን አራት ጊጋ ያስፈልጋል ብዬ ለኮሚቴው በጽሑፍ ያመለከትሁት በሐምሌ ነበር። አሁን ጥር እያለቀ ነው። ኮሚቴው «ስንት ይበቃዋል?» በሚለው ላይ አሁንም እየመከረበት ስለሆነ፣ ለምክክሩ ጥልቀት ያለኝ አድናቆት ወሰን የለውም።

የእኔ ምቾት ብቻ ቢሆን ኖሮ እስከ መጪው ሐምሌ በጠበቅሁ። ጉዳዩ ግን የወይዘሮ ወርቅዬ ነው። ያውቋቸዋል፤ ሀራሙስ ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ምግብ የሚያበስሉት፣ በዕድሩ ለቅሶ ሁሉ ሳይጠሩ መጥተው ትልቁን ድስት የሚይዙት ሴት ናቸው። ልጃቸው በፍቃዱ በኅዳር በጭነት መኪና ከተማው ዳር ካለው የመኪኖች ማቆሚያ፣ ፔካ 12 ደረሰ፤ እናቱ ዘንድ አሥራ አንድ ቀን አደረ፤ ከዚያም «እማዬ፣ እኔ እንዳንቺ የሰው ድስት ሳማስል አላረጅም» ብሎ ወደ ኦቦክ ወደብ ሄደ። ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን ተሻገረ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ስልክ የለም። ሞቷል ያለ የለም፤ አየሁት ያለም የለም።

ሙሚን የሚባል የጀልባ ሠራተኛ ግን ተገኝቷል። ሐሙስ ጠዋት የመን ወዳለው ሞካ ወደብ ይነሣል፤ ከዚህ በኋላ መቼ እንደሚሄድ እሱም ባለጀልባውም አያውቁም። የልጁን ፊት ለይቶ የሚያሳይ ፎቶ ከተሰጠው፣ ስደተኞቹ በሚሰበሰቡበት ሁሉ እያሳየ ሊጠይቅ ቃል ገብቷል። በዓለም ላይ ያለው የበፍቃዱ ፎቶ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። በእህቱ ሠርግ ላይ የተነሣ፣ ሃያ ሁለት ሰው የቆመበት ፎቶ ነው። ልጁ ከኋላ ረድፍ ከእናቱ ጎን ቆሟል፤ ፊቱ ሽምብራ ታክላለች፤ ፎቶው ጣራው በሚያፈስ ቤት ስለ ከረመ ከግንባሩ እስከ አገጩ ነጭ ጭረት ወርዶበታል። ሙሚን ፎቶውን አገላብጦ አይቶ «የቱ ነው? ይሄ? ይሄ እኮ መጋረጃ ነው» አለ። ሊያስቀይም ብሎ አይደለም፤ እውነትም መጋረጃ ይመስላል።

ከተማው ሌላ ፎቶ ቤት የለውም ወይ ይሉኝ ይሆናል። አለው። አንደኛው ለሦስት ሳምንት ቀጠረን። ሌላኛው በሁለት ቀን ሠርቶ አስረከበን፤ በፎቶው ላይ ያወጣልን ወጣት መልከ መልካም ነው፣ ጭረት የለበትም፣ ጥርሱም ነጭ ነው። ወይዘሮ ወርቅዬ ጥቂት አይተውት «የማን ልጅ ነው? እናቱ እንዳትፈልገው መልሱላት» ብለው አስቀመጡት። ፊት ሲታደስ በችኮላ ከሌላ ሰው አይለጠፍም፤ ከራሱ ከልጁ ጉንጭ ጥቂት ጥቂት እየተቀዳ፣ ጭረቱ በጭረቱ ልክ ይሸፈናል። ይህን ማድረግ እችላለሁ። እጄ ይችላል፤ ዓይኔ ይችላል፤ የማይችለው ዕድሩ ያጸደቀው ግማሽ ጊጋ ነው።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር ላቅርብ፤ ቁጥር እንደሚወዱ አውቃለሁና።

1ኛ. የኮሚቴው ስብሰባ የሚካሄደው፣ እንደ ማንኛውም የከተማችን ቁም ነገር፣ ጫቱ ከገባ በኋላ ነው። ሐምሌ 14 ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ትራሱ ተደልድሎ ቀዝቃዛው ውኃ ከተደረደረ በኋላ፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ምርቃናው ሲደርስ፣ ኮሚቴው ለኮምፒውተሩ አራት ሳይሆን አሥራ ስድስት ጊጋ፣ ለፎቶ ክፍሉ ሰፊ መስኮት፣ ለዕድሩም ሬሳ ወደ አገር ቤት የሚያመላልስ የራሱ አውሮፕላን እንዲገዛ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። አለቀስሁ። እርስዎም ራስዎ ትከሻዬን ይዘው «ደጄ፣ አንተ ብቻ ጠይቅ» አሉኝ። የዕድሩ ማኅተም ግን በደንቡ መሠረት ከቢሮ አይወጣም፤ ቢሮው ደግሞ የሚከፈተው ጠዋት ብቻ ነው። በማግሥቱ ሁለት ሰዓት ላይ ቃለ ጉባኤውን ይዤ ስገባ በእርስዎ መልክ፣ ምርቃናው አልፎ ዱካክ የተጫነው ሌላ ሊቀመንበር ተቀምጦ አገኘሁ። ወረቀቱን በሁለት ጣት አንሥተው «ይሄን ማን ነው የጻፈው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ያን ጨምሮ እስካሁን በተመሳሳይ መንገድ ስምንት ጊዜ ጸድቆልኛል፤ ስምንት ጊዜም ተሽሯል። ማኅተሙ ያለው ጠዋት ነው፣ ልቡ ያለው ከሰዓት በኋላ ነው፤ እኔ በሁለቱ መካከል በምሳ ሰዓት ላይ ተንጠልጥዬ ቀርቻለሁ።

2ኛ. የኮሚቴው አባል ሐጂ ዓብዱሰመድ ጨርቅ ነጋዴ ስለሆኑ፣ ነገሩ እንዲቀላቸው ሃርድ ዲስኩን በመጋዘን፣ ሚሞሪውን ልብስ ሰፊ ጨርቁን በሚዘረጋበት ጠረጴዛ መስዬ አስረዳኋቸው። ሽምብራ የምታክለውን ፊት ለማጉላት ፎቶውን በስካነር በትልቁ ማንበብ ግድ ነው፤ በትልቁ ሲነበብ ጨርቁ ይሰፋል፤ ኮምፒውተሩ ብሳሳት እንድመለስ ብሎ እያንዳንዱን እርምጃዬን ጠረጴዛው ላይ ይከምራል፤ ጠረጴዛው ይሞላል፤ ይቆማል። ሐጂ በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ «ልጄ፣ ጠረጴዛ ሲጠብ ጨርቁን አጥፎ መስፋት ነው፤ አባቴ አርባ ዓመት እንዲህ ነው የሰፋው» አሉኝ። ትእዛዝ አክባሪ ስለሆንሁ አጠፍሁት፤ ማለት ፎቶውን በትንሹ አነበብሁት። ኮምፒውተሩ አልቆመም። ከወጣው ፎቶ ላይ ግን የበፍቃዱ ዓይኖች ሁለት መሆናቸው ብቻ ነው የሚለየው፤ ሁለት ዓይን ያለው ሰው ደግሞ የመን ውስጥ ብዙ ነው።

3ኛ. በታኅሣሥ፣ ሐጂ «ሁለት» ባሉበትና እርስዎ «ሦስት» ባሉበት ስብሰባ፣ ማንም ቅር ተሰኝቶ እንዳይሄድ በሽማግሌ ወግ ነገሩ ወደ መሐል መጥቶ ሁለት ተኩል ጊጋ ተወሰነ። ውሳኔውን ይዤ የኮምፒውተር ዕቃ ከምትሸጠው ከናዒማ ዘንድ ሄድሁ። «ሥጋ መሰላችሁ እንዴ ተኩል የሚባለው?» አለችኝ። ከዚያ የወይዘሮ ወርቅዬን ነገር ስትሰማ ወደ ውስጥ ገባችና ባለሁለት ጊጋ ሁለት ሚሞሪ በፕላስቲክ ጠቅልላ ሰጠችኝ። «ልጁ ሲገኝ ትመልሳለህ፤ ካልተገኘም አትምጣ፣ አልጠይቅህም» አለች። ስለዚህ ክቡርነትዎ ዕቃው የለም ብለው እንዳይጨነቁ፤ አራቱ ጊጋ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። የጎደለው ቁጥሩን የሚጽፍ ሰው ነው።

4ኛ. «ታዲያ ለምን ዝም ብለህ አትገጥመውም?» የሚል የዋህ አንባቢ ካለ፣ የኮምፒውተሩ ሣጥን በንብረት ክፍል ኀላፊው በአቶ ፈንታው እጅ በወረቀትና በማኅተም የታሸገ መሆኑን ይወቅ። እሽጉን ያለ ውሳኔ የቀደደ ከዕድሩ ይሰረዛል። በሰው አገር ከዕድር መሰረዝ ምን እንደሆነ ለአንባቢዬ አላስተምርም፤ ብሞት ሬሳዬን ድሬ የሚያደርስልኝ ሌላ ወገን የለኝም። አቶ ፈንታው ፔካ 12 ላይ ዕድሜ ልካቸውን ጭነት ሲቈጣጠሩ የኖሩ ስለሆኑ፣ አራት ጊጋን በትርፍ ጭነትነት ነው የሚያዩት፤ «ግማሽ ጊጋ ይዞ እዚህ የደረሰ ማሽን አራት ሲጫንበት ጎማው አይፈነዳም?» ብለው ጠይቀውኛል።

ይህንስ በሳቅ አለፍሁት። ያላለፍሁት ባለፈው ዓርብ የሆነውን ነው። ወይዘሮ ወርቅዬ ከሥራቸው ፈቃድ ለምነው፣ ከሀራሙስ በእግራቸው መጥተው፣ እሽጉ እንዲከፈት በራሳቸው አፍ ጠየቁ። አቶ ፈንታው ደንቡን ገልጠው የዕድሩ ኮምፒውተር ከመታወቂያ ውጪ ለለቅሶ ፎቶ ብቻ እንደሚያገለግል አነበቡላቸው፤ ከዚያ፣ ሊረዷቸው ፈልገው መሆኑን አልጠራጠርም፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለለቅሶ ነው ቢሉኝ እኮ ዛሬውኑ እከፍተዋለሁ» አሏቸው። ወይዘሮ ወርቅዬ ነጠላቸውን አስተካክለው «አቶ ፈንታው፣ ልጄን ለመፈለግ መጀመሪያ ልቅበረው?» አሉ። አቶ ፈንታው ደንቡን አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። እኔም በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ እንዲወጡ መንገድ ለቀቅሁላቸው። ይህን ቅሬታ ቁጥር ያልሰጠሁት በሁላችን ላይ የቀረበ ስለሆነ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ምስጋናዬንም ሳልነፍግ ላቅርብ። ስድስት ወር ሙሉ ስለ አንድ ቁጥር መምከር የሚችል አመራር ስለ ሰጡን አመሰግናለሁ። ከእርስዎ ጋር በተቀመጥሁባቸው ስምንት ከሰዓቶች ውስጥ በሕይወቴ ያላየሁትን ደግነት አይቻለሁ፤ ያ ደግነት አንድ ቀን ብቻ እስከ ጠዋት ቢያድር ኖሮ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አይኖርም ነበር። አሁን የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ነገ ከሰዓት በኋላ፣ ምርቃናው ሲደርስ፣ ማኅተሙን ኪስዎ ይክተቱት። ደንቡ ይፍረስ ማለቴ አይደለም፤ ማኅተሙ ለአንድ ቀን በርጫ፣ ጫት መቃሚያው ድረስ፣ ይውጣ ማለቴ ነው። አራት ብለው ይጻፉ፤ ይምቱት። አንድ ሌሊትና አንድ ጠዋት ይበቃኛል፤ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ የልጁን ፊት በሃያ ቅጂ ለሙሚን አስረክባለሁ። አሥራ ስድስቱን ትቼዋለሁ፤ አውሮፕላኑንም ትቼዋለሁ። እንደማይሆን ካወቁ ደግሞ ዛሬውኑ አይሆንም ይበሉኝ፤ ሴትየዋ ኮሚቴው በተሰበሰበ ቀን ሁሉ ማታ ከሥራ ሲወጡ ደውለው «ደጀንዬ፣ ዛሬ ጸደቀ?» ይሉኛል፤ እኔም «ጸድቋል» እላለሁ፤ እውነቴንም ነው፤ ጠዋት ደግሞ ስልኩን አላነሣም።

በክቡርነትዎ ትራስ ጥላ ሥር የተጠለልሁ፣ በዘጠኝ እርምጃ ርቀት በታማኝነት የማረጅ፣ ትእዛዝዎን ከሰዓት በኋላ ተቀብዬ ጠዋት የምመልስ ትሑት አገልጋይዎ፣

ደጀን
የፎቶ ክፍል ኀላፊና ብቸኛ ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለሐጂ ዓብዱሰመድ
ለአቶ ፈንታው፣ ከእሽጉ ጋር
በዕድሩ በር ላይ ለሚያነብ ሁሉ

ማስታወሻ፦ ለዕድሩ በዓል በትልቁ እንዲታተም ያዘዙኝ የእርስዎ ፎቶግራፍ በሥራ ላይ ነው። ሽበቱ እንዲጠቁር ባሉት መሠረት የቀኝ ቅንድብዎ ተጠናቋል፤ በግራው ላይ ኮምፒውተሩ ቆሟል። ለአንድ ቅንድብ ስንት ጊጋ እንደሚበቃ ኮሚቴው እስኪወስን ድረስ ፎቶው እንዳለ በበሩ ላይ ተለጥፏል።

እርምት፣ ረቡዕ ጥር 25 ቀን 2003 ዓ.ም. የተሰጠ፦ ከላይ በተለጠፈው ደብዳቤ «በዓለም ላይ ያለው የበፍቃዱ ፎቶ አንድ ብቻ ነው» ተብሎ የተገለጸው ከዛሬ አምስት ሰዓት ጀምሮ ትክክል ስላልሆነ «ሁለት ነው» ተብሎ ይነበብ። ወይዘሮ ወርቅዬ ኮሚቴው ማክሰኞ ያጸደቀው ዛሬ ጠዋት መሻሩን ሲሰሙ፣ ከፎቶ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ መቀሱን አንሥተው ሥራውን በራሳቸው እጅ አከናውነዋል። አንደኛው ቁራጭ፣ ልጁ ያለበትና ከክብሪት ሣጥን የማይበልጠው፣ ለሙሚን ተሰጥቷል። ሁለተኛው፣ ሃያ አንድ ሰው ያለበት፣ በፎቶ ክፍሉ መሳቢያ ይገኛል፤ ሲቈጠር አንድ እጅ ይጎድለዋል። የእናቲቱ ቀኝ እጅ ነው፤ ከልጁ ትከሻ ላይ ማንሣት ስላልተቻለ፣ ከአንጓው ተቆርጦ አብሮት ሄዷል።