የመጀመሪያ ዕትም ስህተት

ውዴ ሙሌ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ሞላ፤ ይኸው ሦስተኛው ክረምት ቆርቆሮውን ይደበድባል። እንዴት ነህ ብዬ አልጀምርም። በሕይወት ሳለህም ለዚህ ጥያቄ መልስህ «ደህና» ብቻ ነበር፤ ከዚያ ዓይንህ ወደ መጽሐፉ ይመለሳል። ሰው ለሞተበት ሲጽፍ ናፍቆቱን ያስቀድማል። እኔ ግን ንዴቴን ሳላወጣ ናፍቆቴ አይወጣልኝምና ታገሠኝ። መታገሥ እንደሁ አሁን ሥራህ ሆኗል።

ቤታችን ደህና ነው። ከበራችን እስከ መናኸሪያው ኮብልስቶን ተነጥፎ ባጃጅ ደጅ ድረስ ይመጣል፤ ያን ሁሉ ዓመት ጭቃውን ስንዳክርበት ኖረን፣ መንገዱ ያማረው አንተ ከሄድክ በኋላ ነው። ከከተማው ዳር ዩኒቨርሲቲ እየተሠራ ነው። አሮጊቶቹ ግን አሁንም ከተማችንን በድሮ ስሟ ኮሶበር እንጂ እንጅባራ አይሏትም። ልጃችን ቤዛ ተመርቃ ባሕር ዳር ሥራ ይዛለች፤ ኔትወርክ ሲፈቅድ እሑድ እሑድ ትደውላለች። ሳቋ ቁርጥ አንተን ነው፤ ዝምታህን ግን አልወረሰችም፣ ተመስገን። የስፌት መኪናዬም ከበረንዳው ተነሥታ መጻሕፍትህ ክፍል ገብታለች። አዎ፣ ገብታለች። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ በዚህ ብርድ ጣቴ እየደነዘዘ በረንዳ ላይ የሰው ልብስ ስሰፋ፣ ከቤታችን ደረቁን ክፍል የያዙት የሞቱ እንግሊዞች ነበሩ።

ምን እንደምትሰበስብ ለሰው ማስረዳት አቅቶኝ ኖሯል። ሰው ቴምብር ይሰበስባል፣ የድሮ ገንዘብ ይሰበስባል። የእኔ ባል የእንግሊዝ ጸሐፊዎችን የወግ መጻሕፍትና የሕይወት ታሪካቸውን ይሰበስባል፤ ያውም መጀመሪያ የታተመውን ብቻ። ሁለተኛው ዕትም ሽፋኑ አምሮ፣ ወረቀቱ ነጥቶ ቢመጣልህ እንደ ሰው ትራፊ ትገፋዋለህ። በየዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ አዲስ አበባ ሄደህ፣ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ ስትቆፍር ሰንብተህ፣ ሻጋታ የሚሸት ካርቶን ተሸክመህ ትመጣለህ። አንድ ሐምሌ ከመናኸሪያው በጋሪ ስትመጣ የዝናብ ልብስህን አውልቀህ ለካርቶኑ አልብሰኸው፣ አንተ ዝናብ እንደመታት ዶሮ ሆነህ በር ላይ ቆምክ። መጀመሪያ ያልከኝ ቃል «አልረጠበም» ነበር። ስለ ካርቶኑ ነው። ያን ጊዜ ሳቅሁ። ኋላ ያ ሳል ሲጀምርህ ግን ሳቄ ቆጨኝ።

የከሰሉንስ ነገር ምን ብዬ ልተወው? የአገራችን እርጥበት መጽሐፍ ይበላል። አንተም ክረምት ሲገባ ከአዲስ ቅዳም ገበያ ከሰል በጆንያ አስመጥተህ፣ በሸክላ ሳህን እያደረግህ ከየመደርደሪያው ጀርባ ታስቀምጣለህ፤ እርጥበቱን ይጠጣልሃል። ጎረቤት ከሰል መነገድ ጀመራችሁ ወይ ብሎ ጠይቆኛል። ጥቁሩን ዱቄት ከወለሉ የምጠርገው እኔ፣ ነጠላዬ የሚጠቁርብኝ እኔ። ይህን ብልሃት ከየት አመጣኸው ብዬ ስጠይቅህ ፈገግ ብለህ ዝም አልከኝ። እኔም ከእንግሊዞቹ መጽሐፍ ያገኘኸው መሰለኝ፤ ለጎረቤትም የፈረንጅ ዘዴ ነው ብዬ ኮራሁበት። መጻሕፍቱን ስትደረድር ለራስህ የምታጉተመትመውንም እንግሊዝኛ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ወግ ትሰበስባለህ እንጂ ወግ አታወራም እያልኩ ስነዘንዝህ ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ብቻ አወራኸኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ ቤዛ ገና ዳዴ ትላለች። ጠርተኸኝ ሁለት መጻሕፍት ጎን ለጎን ገለጥክ። የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ናቸው። በአንደኛው የሰውዬው የትውልድ መንደር ተሳስቶ ታትሟል፤ በሌላው ታርሟል። ዋጋ ያለው የተሳሳተው ነው አልከኝ። አታሚዎቹ ስህተቱን ሳያውቁ መጀመሪያ ያወጡት እሱ ስለሆነ፣ መጀመሪያ መሆኑን የሚመሰክርለት ያው ስህተቱ ነው። እኔ እጅጌው ተጣሞ የተሰፋ ቀሚስ ይመለስብኛል እንጂ ማን ጉድለት ይገዛል ብዬ ሳቅሁብህ። አንተም ሳቅህ፤ ቤዛም ሰው ሲስቅ አይታ ሳቀች። ያን ከሰዓት እወደዋለሁ።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ።

ባረፍክ በማግሥቱ የእድሩ ጸሐፊ መጥቶ የሕይወት ታሪክህን በቶሎ ጻፊልኝ አለኝ፤ ከፍትሐቱ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ መነበብ አለበት። እንባዬን ጠርጌ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዝኩ። የምጽፈው ግን አጣሁ። የስንቱ ሰው ሕይወት ከልደቱ እስከ ሞቱ በመደርደሪያህ ተደርድሯል። አንዱ እንግሊዛዊ ስንት ጊዜ ቤት እንደቀየረ፣ ሌላው የትኛዋን አክስቱን ይፈራ እንደነበር ታውቃለህ። የአንተን እኔ ሚስትህ አላውቅም። ቢቸግረኝ ከመሳቢያህ የሥራ መታወቂያህን አውጥቼ ገለበጥኩ። ዳንግላ ተወለደ፣ ዳንግላ ተማረ፣ እንጅባራ እንግሊዝኛ አስተማረ፣ ባለትዳርና የአንዲት ሴት ልጅ አባት ነበር። ፊደሌን አስፍቼ ጽፌ እንኳ ከግማሽ ገጽ አላለፈም።

ጸሐፊው «በዳንግላ ከተማ ተወለዱ» ብሎ ሲያነብ፣ ከሴቶቹ መካከል እህትህ እትዬ አለምነሽ ተነሡ። ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ፣ በዚያ ሁሉ ለቀስተኛ ፊት፣ መጀመሪያ በአዊኛ ተናገሩ። ቀጥሎ ሁላችን እንድንሰማው በአማርኛ ደገሙት፤ ወንድሜ የገጠሯ የጥርባ ልጅ ነው፣ እትብቱም የተቀበረው እናታችን ጓሮ ነው፣ ማነው ይህን የጻፈ አሉ። ለቅሶው ቀጥ አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ባልዋን የማታውቅ ሴት ተብዬ ባሌን ቀበርኩ።

ዳንግላ ነኝ ያልከኝ አንተ ነህ። ሽማግሌ ስትልክ የመጡት የዳንግላው አጎትህ ናቸው። በዓል ሲመጣ ስኳርና ቡና ቋጥረህ እህትህ ዘንድ ስትሄድ፣ ጥርባ ተድራ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ አንቺ ቅሪ ትለኛለህ። እኔ ጭቃ ፈርቼ አውቃለሁ? እትዬ አለምነሽ በበኩላቸው የከተማዋ ሴት ንቃኝ ነው የማትመጣው ብለው ኖረዋል። ሁለት ሴቶችን ሳንጣላ አቀያየምከን። ባዳ ቢያደርገው አይገርመኝም ነበር።

አንድ ዓመት ሙሉ አኮረፍኩህ። መቃብርህን እጠርጋለሁ፣ ሻማ አበራለሁ፣ ግን አላናግርህም። መጻሕፍትህንም ምን እንደማደርጋቸው አላውቅም ነበር፤ አንዱ ለትምህርት ቤቱ ስጪ ይለኛል፣ ሌላው አዲስ አበባ ገዢ አለ ይለኛል። አንተ ስለነሱ ከ«አትንኩ» በቀር የተናዘዝከው የለም። ከዚያ አንድ እሑድ ቤዛ ደውላ፣ አባቴ ልጅ ሳለ ምን ዓይነት ልጅ ነበር አለችኝ። ኔትወርኩ ተቆራረጠ ብዬ ዘጋሁባት። ለልጄ ዋሸሁ። የእትዬ አለምነሽ ዓይን እየደከመ፣ ጉልበታቸውም እየከዳቸው ነው፤ እሳቸው ካለፉ ያንን ልጅ የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ አይኖርም። የስንቱን እንግሊዝ ልጅነት ደረቅ ክፍል ውስጥ አስቀምጠን የአንተ ልጅነት ዝም ብሎ ሊጠፋ ነው። ይህ አላስተኛ አለኝ።

ግንቦት ላይ ስኳርና ቡና ቋጥሬ፣ አንተ እንደምታደርገው፣ በባጃጅ ጥርባ ወረድኩ። እትዬ አለምነሽ ደጃቸው ላይ አቆሙኝ። ንቄዎት አይደለም፣ እሱ ነው ቅሪ ያለኝ ብዬ ስነግራቸው አልተገረሙም፤ ያው ሙሉጌታ ነው ብለው አስገቡኝ። ደብተሬን አውጥቼ ምንም ሳይተዉ እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው።

ለካ አባታችሁ ሲሞቱ ዘጠኝ ዓመትህ ነበር። እናትህ ይማርልኝ ብለው ዳንግላ ለወንድማቸው ሰጡህ። ከአዊኛ በቀር አፍህ ውስጥ አንድ ቃል አልነበረም። ለምዝገባ ስትቀርብ መምህሩ የት ተወለድክ ቢልህ ዝም አልክ፤ የሌላ ቦታ ነው ተብሎ ልጁ እንዳይመለስባቸው አጎትህ ዳንግላ ብለው መለሱልህ፤ እሱው ተጻፈ። ያን ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ ባለመናገርህ ልጆቹ ዱዳው ይሉህ ነበር። አማርኛውን ስታውቅም መዝገቡን አላስተካከልክም። አፍረህ ይሁን፣ የተጻፈ አይፋቅም ብለህ ይሁን፣ እትዬ አለምነሽም አያውቁም። እኔ ደግሞ እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቋንቋህ እንደሆነ ያወቅሁት ከሞትክ በኋላ ነው።

ከዚያ ስለ መጀመሪያው መጽሐፍህ ነገሩኝ። አንድ ፈረንጅ አስተማሪህ ወደ አገሩ ሲመለስ የአንድ ጸሐፊ የሕይወት ታሪክ ሰጠህ። ክረምቱን ጥርባ ይዘኸው ወርደህ፣ እናትህ የማን ነገር ነው ቢሉህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአዊኛ ተረክህላቸው። ሰውዬው ሲሞት እናትህ ከንፈር መጠጡ። ሲያልቅም መጽሐፉን በጨርቅ ጠቅልለው የልብሳቸው ሣጥን ውስጥ አስቀመጡት፤ እርጥበት እንዳይበላው ከሥሩ ከሰል አድርገው።

እዚህ ላይ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ይህ የፈረንጅ ዘዴ አይደለም ወይ አልኳቸው። እትዬ አለምነሽ ጎናቸውን ይዘው ሳቁ። እናታቸው ፊደል ባይቆጥሩም እርጥበትን ማንም አያስተምራቸውም አሉኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ከእሳቸው ጋር ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው። ስመለስ ግን ባጃጅ ውስጥ አለቀስኩ፤ ከሐዘን ይልቅ ንዴቱ ይበልጥ ነበር። ያን ሁሉ ክረምት የእናትህን ብልሃት በቤቴ ስጠርግ ኖሬ፣ የፈረንጅ ነው ስል እየሰማህ አንድ ቃል አልተነፈስክም። ብትነግረኝ ምን ይቀርብህ ነበር? እኔ ባወቅሁት አንተ ታንስብኝ ነበር? ይህን ብቻ ብትመልስልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ዝክርህን ባለፈው ሳምንት አወጣን። አዲሱ የሕይወት ታሪክህ አንድ ደብተር ሞልቷል፤ ቤዛ ቆማ አነበበችው። እትዬ አለምነሽ እዚያው ሁለት ቦታ ላይ አረሟት፤ የቤታችሁን በሬ ስምና የጎረቤታችሁን። ከሰሉ ላይ ስትደርስ ልጅህ ውሃ ጠጥታ ቀጠለች። በኮምፒውተር ጽፋ ልታባዛው ነው። ታባዛው፤ እሱ የታረመው ነው።

ሰው ሲበተን እትዬ አለምነሽ ያችን ግማሽ ገጽ ጠየቁኝ። ውሸት ስለሆነች ከእሳት ትግባ አሉኝ። እሺ አልኳቸው፤ እሳቸውን እምቢ ማለት እየከበደኝ መጥቷል። ነገር ግን ወረቀቷን ይዤ ምድጃው ፊት ስቆም ያ ቅዳሜ ከሰዓት ትዝ አለኝ። ስለ አንተ በዚህ ምድር መጀመሪያ የተጻፈው ይህ ነው፤ የጻፍኩትም ምንም ሳላውቅ ነው። ልጥለው አልቻልኩም።

አሁንም እንደተናደድኩብህ ነኝ። የሚያልፍልኝም አይመስለኝም፤ ሲያልፍልኝ ምን እንደሚተርፈኝም አላውቅም። መጻሕፍትህ ግን ከዚህ ቤት አይወጡም፤ ቤዛ እስካለች ባለቤት አላቸው። የመኪናዬን ጩኸት ይልመዱት። ክረምት ሲገባ ከሰሉን እኔው እቀይራለሁ፤ የሚጠይቀኝ ከመጣም የጥርባ እናት ዘዴ ነው እለዋለሁ። የዘንድሮውን ዛሬ ጠዋት ቀይሬያለሁ። ግማሿን ገጽ በላስቲክ አድርጌ ከእንግሊዞችህ መካከል፣ ደረቁ መደርደሪያ ላይ አቁሜልሃለሁ። ዳንግላ የሚለውን አልሰረዝኩትም።

አስካለ