በዱካሞ ለቅሶ ላይ ስለ ሰበሰባችሁት የድጋፍ ፊርማ

ለተከበሩ የምሥራቅ በር የንግድ አካባቢ ማሻሻያ ዲስትሪክት የቦርድ ሰብሳቢ
ጆሃንስበርግ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ለዲስትሪክቱ የጥበቃ ሠራተኞች በሙሉ፣ በተለይም ለቀኝ እጃቸው፣ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። ያ እጅ ሥራ እንደበዛበት በዓይናችን ስላየን፣ ዕረፍት እንዲያገኝ የምንጸልይ ብዙ ነን። እኔ፣ አምላክ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ስሜ ብዙነህ ይባላል፤ ከጽሕፈት ቤትዎ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ባለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መጋረጃና ብርድ ልብስ እሸጣለሁ፤ በሕንፃው የምንነግድ ኢትዮጵያውያን ያቋቋምነው እድር ጸሐፊም ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ መጻፌ ከንቀት እንዳይቆጠርብኝ አደራ እላለሁ። ጽሕፈት ቤትዎ ባለፈው ወር ያስፈረመን ወረቀት በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ ስለነበረ፣ ምንነቱንም ከመፈረማችን በፊት የነገረን ስላልነበረ፣ ያንኑ ጨዋነት በመጠኑ ለመመለስ ያህል ነው። አስተርጓሚ ፍለጋ ቢያንከራትትዎ የእኛን ነገር እያሰቡ ይጽናኑ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ዲስትሪክቱ ጎዳናችንን የሚያስተዳድርበትና የሚጠብቅበት ዘመን ለሌላ አምስት ዓመት እንዲታደስ ደግፈዋል ብላችሁ የስድሳ ሦስታችንን ስም የያዛችሁበት ዝርዝር ይሰረዝልን፤ በዚያም ዝርዝር ሰበብ የሟቹ የዱካሞ ባለቤት ፊቤ በጥበቃዎችዎ ላይ ያቀረበችው አቤቱታ አይዘጋባት። ፖሊስ ጣቢያው መዝገቡን ለመዝጋት ወይም ለመቀጠል የሚወስነው በመጪው ሐሙስ ጠዋት ነው። ዲስትሪክቱ በቁጥር የተደረደረ ነገር እንደሚወድ ከዓመታዊ ሪፖርቱ ስለተረዳሁ፣ ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አቅርቤያለሁ።

፩ኛ፦ ስለ ጉድጓዱ። በሕንፃችን መግቢያ ፊት ለፊት፣ መንገዱ መካከል ላይ፣ ሲጀምር ሳህን የሚያህል፣ ሲቆይ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ የሚያህል፣ በአሥራ አራተኛ ወሩ ደግሞ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሊቀበርበት የሚችል ጉድጓድ እንዳለ ያውቃሉ። ለማዘጋጃ ቤቱ ብንጽፍ መንገዱ የዲስትሪክቱ ነው ተባልን፤ ለእርስዎ ብንጽፍ የማዘጋጃ ቤቱ ነው ተባልን፤ ጉድጓዱ ግን ባለቤቱ እስኪለይ ሳይጠብቅ ማደጉን ቀጠለ። በመጨረሻም የጥገናው በጀት የሚለቀቀው የዲስትሪክቱ ዘመን ከታደሰ በኋላ መሆኑን የሚያበሥር፣ ፈገግ ያሉ ሰዎች ፎቶግራፍ ያለበት ባለቀለም ወረቀት በየሱቃችን በር ሥር ተንሸራቶ ገባ። ፎቶግራፉ ውስጥ ያለው መንገድ ስለተዘረጋ እናመሰግናለን፤ የት አገር እንደሆነ ብቻ ቢነገረን ደስ ባለን።

በየካቲት ዝናብ አንድ ሚኒባስ ታክሲ የፊት ጎማው እስከ ወገቡ ገባበት። ሹፌሩ ወርዶ ጥፋቱን የጣለው ሁላችንም ጎጎ በምንላት ሙዝ ሻጭ አሮጊት ላይ ነበር፤ ካርቶኖቿን በእርግጫ በተነ፣ እሷንም በጥፊ መታት። ከኋላው የነበረው ሌላ ሹፌር ስለ እሷ ሲሟገት የመጀመሪያው ሽጉጥ አወጣ፤ ሦስት ጊዜ ተኮሰ፤ አንደኛዋ ጥይት ታክሲው ውስጥ የተቀመጠች ሴት ቅልጥም በስታ ወጣች። ጥበቃዎችዎ ሃያ እርምጃ ርቀት ላይ ቆመው ይመለከቱ ነበር። ተኳሹ ከሄደ በኋላ በሚያስመሰግን ፍጥነት መጥተው የጎጎን ሙዝ መንገድ ዘግቷል በማለት ወርሰው ሄዱ። ደሙን ያጠብነው እኛ ነን።

፪ኛ፦ ስለ ደኅንነታችን። ዱካሞ ወደ መሀል ከተማ የመጣው የዲስትሪክቱን ዝና ሰምቶ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከሆሳዕና መጥቶ ከከተማው ወጣ ባለችው በቶኮዛ ሰፈር ስፓዛ የሚሏትን ትንሽ የሰፈር ሱቅ ከፍቶ ሦስት ዓመት ሠርቷል። እዚያ ሁለት ጊዜ ተዘርፏል፣ አንድ ጊዜ ትከሻው ላይ ተመትቷል፤ ጥይቱ አብሮት ይኖር ነበር። መሀል ከተማ ጥበቃ አለ፣ ሬዲዮ የያዙ ሰዎች አሉ ብለን ያመጣነው እኛ ነን። ቶኮዛ የመቱት ሰዎች የሚያንጸባርቅ ሰደርያ አልነበራቸውም፣ ለቦርድ ሪፖርት አያቀርቡም፣ ሲስቱም በትከሻ ይስታሉ። የእርስዎ ሰዎች ሥልጠና የወሰዱ በመሆናቸው አልሳቱም።

፫ኛ፦ ስለዚያች እሑድ። ዱካሞ ባደገበት አገር የመንደር መንገድ በጎርፍ ሲቆረጥ ሰው ሁሉ አካፋና ዶማ ይዞ ይወጣል፤ ፈቃድ የሚጠየቅ ነገር እንደሆነ የሚያስብ የለም፣ የሚያሳፍረው ቤት መቅረት ነው። ስለዚህ ከቸርች እንደተመለሰ፣ ነጭ ሸሚዙን እንኳ ሳይቀይር፣ ከጎረቤቱ ከጫማ ነጋዴው ከከቢር ጋር ሁለት ከረጢት ሲሚንቶና የፈረሰ ግንብ ስብርባሪ አምጥቶ ጉድጓዱን መሙላት ጀመረ። ጎጎ ውኃ ታቀብላቸው ነበር። እኔ በመስኮት ሆኜ ስቄባቸዋለሁ፤ ማዘጋጃ ቤት ሆናችሁ ወይ ብዬም ቀልጄ ነበር።

ሊጨርሱ ሲቃረቡ አራት ጥበቃዎችና አለቃቸው መጡ። አለቃው ፈቃድ ጠየቀ። ዱካሞ የሚያውቃትን ያህል ዙሉ ተጠቅሞ «ሳውቦና ባባ» ብሎ ሰላምታ ሰጠና፣ ለሁሉም የሚሆን ነው ለማለት በእጁ መንገዱን አሳየ። ሻምቦክ የሚሉት የቆዳ አለንጋ በመጀመሪያ ያረፈው እዚያው በተዘረጋው እጁ ላይ ነበር፤ ሁለተኛው አንገቱ ላይ። ከቢር ሊገላግል ሲገባ ክንዱን በዱላ መቱት፤ አጥንቱ ሲሰበር ድምፁ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሰማ። ከዚያ ዱላው ወደ ዱካሞ ጭንቅላት ተመለሰ። በጆሮው በኩል፣ ደጋግሞ። ራሱ ባቦካው እርጥብ ሲሚንቶ ላይ በፊቱ ተደፋ፣ አንደኛው ጥበቃ ጫማውን ማጅራቱ ላይ አሳርፎ፣ ሊነሣ ሲንፈራገጥ እየተጫነ፣ በሬዲዮው ያወራ ነበር። ደረጃውን ወርጄ ስደርስ መንፈራገጡን አቁሟል። ጭንቅላቱን አውጥቼ አፉ ውስጥ የገባውን ሲሚንቶ በጣቴ ጫርኩለት፤ አብረው ሁለት ጥርሶች ወጡ። ይህን ለእርስዎ በትሕትና የምጽፍበት ቃል ፈልጌ አጥቻለሁና ይቅርታ ያድርጉልኝ።

በዚህ አጋጣሚ የዲስትሪክቱን የሥራ ቅልጥፍና ሳላደንቅ አላልፍም። ዱካሞ አስፋልቱ ላይ ተጋድሞ ሳለ ጥበቃዎችዎ በገዛ አካፋው ሲሚንቶውን ጠርገው አወጡ፣ እንዳይደርቅም ውኃ ለቀቁበት። በአሥራ አራት ወር ሠራተኛ ያልተገኘለት ጉድጓድ በሃያ ደቂቃ ወደ ቀድሞ ይዞታው ተመለሰ። ዱካሞ ዓይኑን ሳይገልጥ ረቡዕ ዕለት ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። መግለጫችሁ በራሱ ሕገወጥ ግንባታ ላይ ተደናቅፎ መውደቁን ያስረዳል።

ፖሊስ ሊመረምር ሲመጣ ምስክር ሆና የቀረበችው ጎጎ ብቻ ነበረች፤ እሷንም ጠበቃዎ ስለ ሙዟ ቂም ያላት ናት ብሎ ውድቅ አደረጋት። ከቢር የጥገኝነት ወረቀቱ ጊዜው አልፎ ስለነበረ ክንዱን በጀሶ ያሳሰረው ከደረጃ ወደቅሁ ብሎ ነው። ሌሎቻችንም ስማችን በማንኛውም መዝገብ ላይ እንዳይሰፍር ፈራን። እኔ ራሴ ለፖሊሱ በሰዓቱ ዕቃ ቤት ውስጥ መጋረጃ ስቆጥር ነበር፣ ምንም አላየሁም ብዬዋለሁ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

፬ኛ፦ ስለ ለቅሶው። አስከሬኑን ወደ ሆሳዕና ከላክን በኋላ በሕንፃው ምድር ቤት፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ ለቅሶ ተቀመጥን። እድራችን ለቅሶ የመጣውን በመዝገብ ያስፈርማል፤ የቀረ ይቀጣል። ለቅሶ የገባበት ቤት ስም ከሁሉ በላይ ይሰፍራል፣ የሚሰፍረውም በአባወራው ስም ነው። እኔ ጸሐፊው ያን ዕለት መዝገቡን ሱቄ ውስጥ ረሳሁት።

ከጽሕፈት ቤትዎ የመጣችው የሕዝብ ግንኙነት ወይዘሪት ጥቁር ለብሳ፣ ራሷን ሸፍና፣ በሚገባ አዝና ገባች። የያዘችው ሰሌዳ ላይ ስም፣ የሱቅ ቁጥር፣ ስልክና ፊርማ የሚሞላበት ወረቀት ነበረ። የአገራችንን ወግ ጠይቃ፣ ለእድሩ የሚሆን ወረቀት አዘጋጅታ የመጣች መስሎኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ። መጋረጃ ለመሸጥ የሚበቃ እንግሊዝኛ አለኝ፤ ርእሱን ግን አላነበብኩም፤ ለቅሶ ቤት ውስጥ ርእስ የሚያነብ ማን አለ። ወረቀቱን ከእጅ ወደ እጅ ያዞርኩት እኔ ነኝ። ዘግይተው የመጡትን ሳትፈርሙ እንዳትሄዱ ብዬ የተቆጣሁት እኔ ነኝ። ፍራሽ ላይ ወደተቀመጠችው ወደ ፊቤ ጎንበስ ብዬ እስክሪብቶውን ጣቶቿ መሀል ያስገባሁትም እኔው ነኝ። እንደ ደንባችን በመጀመሪያው መስመር ላይ የባሏን ስም ጻፈችና ፈረመች።

፭ኛ፦ ስለ ምስጋናው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለክቡር አቶ ዱካሞ የተጻፈ ደብዳቤ ደረሰ። በጥበቃ አገልግሎታችሁ ላይ ስላሳየው እምነት ያመሰግነዋል፣ ሱቁ በር ላይ የሚለጥፈው «ኩሩ ደጋፊ» የሚል ክብ ወረቀትም ተያይዟል። ፊቤ አንብብልኝ ብላ አመጣችልኝ። አነበብኩላት። ከዚያ ወዲህ ያናገረችኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ጠበቃዎ ያንኑ ዝርዝር ለፖሊስ አያይዞ የሟች ቤተሰብ በጥበቃዎቹ ሥነ ምግባር መርካቱን በፊርማው ስላረጋገጠ መዝገቡ ይዘጋ ብሎ በጻፈበት ቀን ነበር። የጠየቀችኝ ምን እንዳስፈረምኳት ነው። ክቡር ሆይ፣ ያቺን ክብ ወረቀት ይዤ ወደ ቢሮዎ ለመምጣትና በጉሮሮዎ ለመጠቅጠቅ እስከ መንገዱ ማዶ ድረስ ሄጄ መመለሴን ብደብቅዎ ውሸታም እሆናለሁ፤ ውሸት ደግሞ በቅቶኛል።

፮ኛ፦ ስድስተኛውን ቅሬታ ጽፌ ነበር። ከክብርዎ ጋር የማይሄዱ ቃላት ስለበዙበት ቀድጄዋለሁ።

እንግዲህ እስከ ረቡዕ ድረስ ዝርዝሩን በጽሑፍ ካነሣችሁ፣ ነገሩ የአንድ ሠራተኛ ስሕተት ነበር ብላችሁ ለማለፍ ይመቻችኋል፤ እኔም በለቅሶ ቤት ያጋጠመ መደናገር ነው ብዬ አግዛችኋለሁ። ካላነሣችሁ ግን፣ በዝርዝራችሁ አናት ላይ፣ በተራ ቁጥር አንድ፣ ከሞተ በአምስተኛው ቀን የፈረመ ደጋፊ እንዳላችሁ፣ የስብሰባው ቦታ በሚለው መስመር ላይም ወይዘሪቷ በገዛ እጇ «የዱካሞ ለቅሶ» ብላ መሙላቷን ለመርማሪው አሳያለሁ። መሞቱን እያወቃችሁ ድጋፉን መቀበላችሁ፣ ለሰው ያላችሁ ግምት ከመቃብር በላይ መሆኑን ያሳያል።

ለሰጡን ጥበቃ፣ ለጠበቁልን ጉድጓድ፣ በሐዘናችን ተገኝተው ከሐዘናችን ላተረፉት ትርፍ ሁሉ ከወገባችን ዝቅ ብለን እያመሰገንን፣ የሥራ ዘመንዎ ከዚህ በላይ እንዳይረዝም ከልብ የምንመኝልዎ፣ ዘወትር አክባሪዎ፣

ብዙነህ፣ የእድሩ ጸሐፊ
በተራ ቁጥር ሁለት የፈረምኩት

ማስታወሻ፦ ጠበቃዎ ታማኝ ምስክር አልቀረበም ማለቱን አንብበናል። እውነት ነው፣ ስማችንን መስጠት ፈርተን ነበር። አሁን ግን የስድሳ ሦስታችንን ስም፣ የሱቅ ቁጥርና ስልክ በራስዎ ማኅተም ለፖሊስ አስረክበውልናልና የምንደብቀው አልቀረንም። ለእያንዳንዳቸው ደወልኩ። ሠላሳ አንዱ ያን እሑድ በየመስኮታቸው ቆመው አይተዋል፤ የምስክርነት ቃላቸውንም ጽፈዋል፤ ከቢር የእሱን በግራ እጁ ፈርሟል። ሐሙስ ጠዋት ከፊቤ ጋር አብረን ጣቢያው ድረስ እንሄዳለን። መጀመሪያ የሚነበበው የእኔ ቃል ነው፤ የሚጀምረውም ለፖሊስ ዋሽቼ ነበር ብሎ ነው።