«አለቀ» ያልኩሽ ቀን

ውድ እህቴ ናፊያ፣

አሰላሙ አለይኩም። ትናንት በስልክ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለግሽ፣ አስራ አራተኛውን ቀን ጨረር እንደጨረስሽ ስትነግሪኝ ዝም ያልኩት ኔትወርኩ ተቋርጦ አልነበረም። አፍሬ ነው።

አዲስ አበባ የጭንቅላት ቀዶ ጥገናው በተደረገልሽ በአምስተኛው ቀን ሐኪሙ ብቻዬን ጠራኝ። «እጢው ሙሉ በሙሉ አልወጣም። ንግግርን የሚመራው ቦታ አጠገብ ስለሆነ ትንሽ ትተናል። ስድስት ሳምንት ሳያልፍ ጨረር መጀመር አለባት» ብሎ ወረቀት ጻፈልኝ። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ራስሽ በፋሻ እንደተጠቀለለ እጄን ይዘሽ፣ «አለቀ አይደል፣ አብዱ?» አልሽኝ።

«አለቀ። አልሐምዱሊላህ» አልኩሽ።

ነገ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። ሐረር ስንገባ ግን የሰፈራችን የፈላና በር ጎረቤት ሁሉ «እንኳን አላህ አተረፈሽ» እያለ ቤቱን ሞላው፤ እናታችንም በደስታ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ እውነቱ በየቀኑ እየከበደኝ ሄደ። አንቺ ወደ ማስተማርሽ ተመለስሽ፤ እኔ ጊደር መጋላ ገበያ ሱቄ ውስጥ ቅመም እየመዘንኩ ስድስቱን ሳምንት አሳለፍኩት።

በአራተኛው ወር ባልደረባሽ ሙሉመቤት ደወለችልኝ። «ክፍል ውስጥ ወድቃለች፤ ቶሎ ና!» ስደርስ ከንፈርሽ ይንቀሳቀሳል፤ ስሜን መጥራት ግን አቅቶሻል።

እንደገና አዲስ አበባ ይዤሽ ሄድኩ። ሐኪሙ ካርድሽን አገላብጦ፣ «በስድስት ሳምንት ብዬ ጽፌ አልነበር? ምነው ዘገያችሁ?» ሲል ቀና ብለሽ አየሽኝ። ያኔ ገባሽ። እኔ አፌን ሳልከፍት፣ በዚያ በሚንተባተብ አንደበትሽ፣ «እኔ ነኝ... ፈርቼ» አልሽው። እሱም አንቺን ተቆጣ። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ሰማሁ። ናፊያ፣ ከውሸቱ ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ያ ዝምታዬ ነው።

ጨረሩን ስትጀምሪ እዚያው አዲስ አበባ አክስታችን ቤት ትቼሽ ወደ ሐረር የተመለስኩትም ለሱቁ ብዬ አልነበረም፤ ፊትሽን ማየት አቅቶኝ ነው። ጨረሩ ሲሰጥሽ ጭንቅላትሽ እንዳይንቀሳቀስ ያንን ጭንብል ፊትሽ ላይ አጥብቀው ከጠረጴዛው ጋር ሲያስሩሽ ብቻሽን ነሽ። «አስር ደቂቃ ናት፤ ሱረቱ ያሲንን እየቀራሁ ታልፋለች» አልሽኝ። አጽናኟ አንቺ ሆንሽ!

ዛሬ ከመግሪብ በፊት ለእናታችን ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ «ለእኔ መንገርህ ምን ይጠቅማታል? ሂድና እዚያው ሐኪሙ ፊት ተናገር» አለችኝ።

ቅዳሜ እሳፈራለሁ። ሰኞ ሐኪሙ ጋ አብሬሽ ገብቼ፣ «ያዘገየኋት እኔ ነኝ፤ እሷ አልፈራችም» እለዋለሁ። መዘግየቱ ምን ያህል እንደጎዳሽ ገና አልታወቀም፤ ስለዚህ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ለማለት ድፍረቱ የለኝም። ባታናግሪኝም እውነት አለሽ። ጨረሩ እስኪያልቅ ድረስ በየቀኑ የጨረር ክፍሉ በር ላይ ታገኚኛለሽ።

በራሱ ያፈረ ወንድምሽ፣
አብዱልፈታ
ሐረር፣ ጀጎል